የአባትህ ዲኤክስና ያቺ ዲዛየር

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ የጠየቅከኝን በሁለት ቃል መልሼ ልዘጋው አልወደድኩም። "ጋሼ፣ የአባቴን ዲኤክስ ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬበት ዲዛየር ልግዛ ወይስ እሷኑ ሙሉ ለሙሉ ላድሳት?" ነበር ያልከኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ዲዛየሯን ግዛ። ዕድሜዬን ግማሹን መሪ ይዤ፣ ግማሹን ኮፈን ስር አጎንብሼ የጨረስኩ ሰው፣ ያውም በዲኤክስ ፍቅር የምታማ፣ እንዲህ ስልህ ይገርምህ ይሆናል። በሰፈር የሚመክሩህ ሁሉ ተቃራኒውን እንደሚነግሩህ አውቃለሁ። "የዛሬ መኪና ፕላስቲክ ነው፤ የድሮዋ ግን ብረት ናት" ይሉሃል። በንግግራቸው ውስጥ እውነት አለበት፤ ናፍቆትም ተቀላቅሎበታል። ሁለቱን ለይቼ ላሳይህ።

መጀመሪያ ለዲኤክሷ የሚገባትን ልስጣት። ዲኤክስ የቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ኮሮላ የሚባለው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የአባትህ መኪና በ1979 የወጣው የአራተኛው ትውልድ ናት። በ1983 አምስተኛው ትውልድ ሲመጣ ቶዮታ ተራዋን የቤት መኪና በፊት ጎማ እንድትጎተት አደረጋት፤ ስለዚህ ዲኤክስ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት የመጨረሻዋ ተራ ኮሮላ ናት ማለት ይቻላል። ኮፈኗን ስትከፍት 1,290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ሞተር በቁመቱ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ በግራና በቀኙ አስፋልቱ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። እጅ የማይገባበት ቦታ የለም። ካርቡራተሩ፣ ስፒንተሮጀኖው፣ ቦቢናው፣ ካንዴላዎቹ፣ ሁሉም ፊት ለፊትህ ናቸው። ሞተሩ እምቢ ካለ ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ቤንዚን ይመጣል? እሳት ይመጣል? አንዱን ካንዴላ ፈትተህ፣ ገመዱ ላይ ሰክተህ፣ ብረት አስነክተህ ሞተሪኖውን ስታስመታ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ አንዱ ጥያቄ ተመለሰ። ፑንቲናው ቢቆሽሽ በብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለህ፤ ክፍተቱን የምትለካበት ከሌለህ የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ይበቃሃል። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ሁሉ ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ይሠራው ነበር።

አንድ ጊዜ አብረን ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ፣ አዋሽ ሳንደርስ፣ በቀትር፣ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጥሶ ቀጥ አለ። እኔ የሚረዳን ሰው ፍለጋ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ሳይ፣ አባትህ ከኋላ ጄሪካኑን አወጣ። የአንገት ፎጣውን ውኃ ነክሮ ከሞተሩ ጎን ባለው የቤንዚን ፓምፕ ላይ ጠቀለለውና "በል አሁን አረፍ በል" አለኝ። በሙቀቱ ብዛት ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተን ሆኖ ነበር፤ ፓምፑ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ተን ስቦ አይገፋም። ግራር ጥላ ስር ቁጭ ብለን ብርቱካን ልጠን ስንጨርስ ሞተሩ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተነሣ።

እንዲህ ያለ ታሪክ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየዕድሩ ድንኳን ሲወራ ትሰማለህ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ "መኪና ማለት እንዲያ ነው!" የሚል ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ለምን ቆመች? ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት የምታልፍ ዲዛየር እንዲህ ያለ ጣጣ አታውቅም፤ ፓምፗ ሰልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚኑ መሐል ተቀምጦ ነው የሚገፋው። ዲኤክስን "ጠንካራ" ያሰኛት አለመበላሸቷ አይደለም። ስትበላሽ የትም ቦታ፣ ማንም ሰው፣ በትንሽ ወጪ ሊያስነሣት መቻሉ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። በእኛ አገር መንገድ ላይ ወርቅ የሆነ ጸባይ ነው። ነገር ግን ያ "ማንም" የምንለው ሰው እያለቀ መሆኑን ሰው ልብ አይልም።

ካርቡራተር በጆሮው የሚያስተካክል ባለሙያ አይተህ ታውቃለህ? ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ከዚያ ካቻቢቴውን ትንሿ ብሎን ላይ ያስቀምጥና ዐይኑን ይጨፍናል። ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ይንቀጠቀጣል፤ መሐሉ ላይ አንድ ቦታ አለች፣ ድምፁ ወጥ የሚሆንባት፣ እዚያ ይተዋታል። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹንም ቀብረናቸዋል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የምታገኘው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የተማረው ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሰክቶ የስህተት ቁጥር ማንበብ ያውቃል። ዲኤክሷ ደግሞ የሚሰካባት ቦታ የላትም።

ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በቀዳዳው ልክ ቤንዚኑን ይለቃል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ቤንዚንህም በማርሚታ ይወጣል። ለአዲስ አበባ ብለህ ቤንዚኑን ብትቀንስላት ደግሞ ወደ ቆላ ስትወርድ ሞተሩ ይጠማና ይግላል። ድሮ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሹፌሮች ይህን ስለሚያውቁ ከመውረዳቸው በፊት ያስተካክሉት ነበር። ዲዛየሯ የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላት። እንጦጦ ስትወጣም ላንጋኖ ስትወርድም ልኩን ራሷ ታስተካክላለች፤ አንተ አታውቀውም፣ ማወቅም አይጠበቅብህም።

ጉልበቱን ግን እሷም ታጣዋለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ይተዋል። ወረቀቱ ላይ ከ80 ፈረስ ጉልበት በላይ ተጽፎላት አዲስ አበባ ላይ ከ60 ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ሰው ሞልተህ፣ ሻንጣ ጭነህ የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ ወደ ታችኛው ማርሽ መመለስ አለብህ፤ "ዲዛየር ጉልበት የላትም" የሚሉህ ይህን ነው። እውነት ነው። የሚረሱት ዲኤክሷ ከዚያም በታች መሆኗን ነው፤ እሷ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ስትወጣ "ትችለዋለች" እንላታለን፣ ዲዛየሯ ስትጮህ "አቃታት" እንላለን።

አሁን ስለ ዲዛየሯ አንድ የማይወራ ነገር ላጫውትህ። ጅራቷ ለምን ተቆርጦ እንደቀረ አስበህ ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሕንድ አገር ስትወጣ ስዊፍት የምትባለው ትንሽ መኪና ላይ ሻንጣ የተቀጠለባት፣ ከ4 ሜትር የምትረዝም መኪና ነበረች። የሕንድ መንግሥት ግን ቁመታቸው ከ4 ሜትር በታች ለሆነና የቤንዚን ሞተራቸው ከ1,200 ሲሲ ለማይበልጥ መኪኖች ታክስ ቀንሶ ስለነበር፣ በ2012 ሁለተኛዋ ስትመጣ ቁመቷ 3,995 ሚሊ ሜትር ላይ ተገታ። አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት የተረፈቻት! አንተ ልትገዛት ያየሃት በ2017 የወጣችው ሦስተኛዋም እዚያው ልክ ላይ ናት፤ ሞተሯ 1,197 ሲሲ ነው። እና ይቺን መኪና መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የታክስ ሠራተኛውም አብሮ ነድፏታል ብል አልተሳሳትኩም። የሕንዱ ልክ ደግሞ ለእኛ አገር ሕግ ጥሩ ገጠመ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን በከባድ ታክስ ሲያርቅ፣ ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጥ አዳዲሶች በሩን ገርበብ አደረገላቸው፤ ከተማውም በዲዛየር ተሞላ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ የገቡት ባሉበት ተወደዱ። ዋጋዋ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ያየኸው ለዚህ ነው፤ የመኪናዋ ጥራት ብቻ አይምሰልህ።

"ፕላስቲክ ናት" ወደሚለው እንመለስ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመህ ብታያቸው ዲኤክሷ በጥቂቱ ትረዝማለች፣ ዲዛየሯ በወርድ ትሰፋለች። በሚዛን ብታስቀምጣቸው ግን ብዙም አይራራቁም፤ ሁለቱም 900 ኪሎ ግራም አካባቢ ናቸው። ብረት ናት የተባለችውና ፕላስቲክ ናት የተባለችው! ልዩነቱ ብረቱ የት ቦታ እንደተቀመጠ ነው። የዲኤክሷ ቆርቆሮ እጅህ የሚነካው ቦታ ላይ ወፍራም ነው፤ በሩን ስትዘጋው ደስ የሚል ድምፅ አለው፣ ፓራውልቱም ብረት ነው። የዲዛየሯ በር ቀላል ነው፤ ጠንካራው ብረት ግን ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ዙሪያ ይዞ፣ ከፊት ያለው ሆን ተብሎ እንዲጨማተር ተሠርቷል። ብረቱ ሲጨማተር የግጭቱን ኃይል ይበላል፤ ብረቱ ያልበላው ኃይል ወደ ሰው አካል ነው የሚሄደው።

ይህን ለማሳየት አሜሪካኖች አንድ ጥሩ ነገር ሠርተዋል። የመኪና መድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የ1959 ሼቭሮሌ ቤልኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት አላተማቸው። ምስሉ አለ፣ የእኔው ልጅ በስልኩ አሳይቶኛል፤ አንተም እየው። ቤልኤሯ እንደ መርከብ የምታህል ግርማ ሞገሳም መኪና ናት። እኔ ብጠየቅ በእሷ ላይ ነበር የምወራረደው። ሲጋጩ ግን የሹፌሩ ክፍል ተጨፈለቀ፣ መሪው ወደ ደረቱ መጣ። ማሊቡዋ አፍንጫዋ ጠፍቶ የሹፌሩ ቦታ ግን ባለበት ቆየ። ቤልኤሯ ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር፤ የማሊቡው እግሩን ቢታመም ነው። ዲኤክስ ከቤልኤር ሃያ ዓመት ታንሳለች፣ ያን ያህል አትከፋም። ነገር ግን ኤርባግ የላትም፣ ኤቢኤስ የላትም፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ለልጅ የሚሆን ማሰሪያ የላትም። ሁለት ሕፃናት ከኋላ ጭነህ በጠዋት በቀለበት መንገድ ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋህ የምትሄድ ሰው ነህ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ።

ደላላው "ዲዛየር እኮ አምስት ኮከብ ያገኘች ናት" ካለህ ደግሞ ፈገግ በልለት። በግሎባል ኤንካፕ የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣችው አራተኛዋ ዲዛየር ናት። አንተ የምትገዛት ታላቅ እህቷን ነው፤ የታናሽ ምስክር ወረቀት ለታላቅ አይሠራም። ከዲኤክሷ ትሻላለች ነው እንጂ ታንክ ናት አላልኩህም።

ስለ ብሩ ብዙ አልልም፤ አንተ የሂሳብ ሰው ነህ። ከአያት ሜክሲኮ እየተመላለስክ፣ ልጆቹንም እያደረስክ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳለህ እንበል። በከተማ ውስጥ ዲኤክሷ፣ ጤነኛ ከሆነች፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድልሃለች፤ ዲዛየሯ፣ መጨናነቁን ጨምረህ፣ 15 አታጣም። በሕንድ ፈተና ከ20 በላይ ተብሎ የተጻፈላትን እርሳው፤ እዚያ ፈተና ውስጥ የመገናኛ ሰልፍ የለም። ልዩነቱ በወር ከ33 ሊትር አያንስም። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ማለት የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ምሳ ነው።

"ላድሳት" ያልከውንም ላስላልህ። ሞተር ማውረድ፣ ሲሊንደሩን ሬክቲፊካ መላክ፣ ፒስተንና ፋሻ፣ ኩሽኔታዎች፣ ፍሪሲዮን፤ ከዚያ ቦዲው፣ የዛገውን ቆርጦ ላሜራ መበየድ፣ ስቱኮ፣ ቀለም። ዕቃው አይጠፋም። ከ4ኬ የተወለደው 5ኬ ሞተር በላይትኤስና በፎርክሊፍት ላይ ለረጅም ዓመታት ስለቀጠለ ሶማሌ ተራ ብትወርድ ዛሬም የሚመሳሰለውን ታገኛለህ። ኦሪጅናሉ ነው የጠፋው፤ በእሱ ፈንታ የሚሸጥልህ ፑንቲና ወር ሳይሞላው ይበላል። ደግሞ ሁሉን ጨርሰህ፣ ብርህን አፍስሰህ፣ እጅህ ላይ የምትቀረው አዲስ የሆነች አሮጌ መኪና ናት። ኤርባግ አይበቅልባትም።

እንግዲህ ገዛሃት እንበል። ዲዛየሯን በዲኤክስ ልማድ እንዳትይዛት፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ዋናው ነገር ቴርሞስታት ነው። የእኛ ጋራዦች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፦ መኪና ትንሽ ከሞቀች "ለዚህ አገር አያስፈልግም" ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ዲኤክስ ይህን ትችለዋለች። ዲዛየሯ ላይ ግን ሞተሩ ተገቢው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ኮምፒውተሯ "ገና አልሞቀም" ብሎ ያስብና ሞተሩ ገና እንደተነሣ ያህል ቤንዚን ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ። ሰውየው ደግሞ "ይቺ መኪና ቤንዚን ትጠጣለች" እያለ ያማታል። ሜካኒኩ ቴርሞስታት ላውጣ ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ራዲያተሩም ውስጥ የቧንቧ ውኃ አትጨምር፤ ሞተሯ አሉሚኒየም ነው፣ ከውስጥ ይበላል። ኩላንት ግዛ። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ የአባትህ ዲኤክስ የለመደችው ወፍራም ዘይት ለእሷ አይሆንም፤ መጽሐፏ ላይ የተጻፈውን ቀጭኑን አድርግላት፣ በጊዜውም ቀይርላት።

ፍሬን ላይም እግርህን እንደገና ማስተማር አለብህ። እኛ የተማርነው በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ነው። ኤቢኤስ ያላት መኪና ይህን ራሷ ካንተ እጅግ ፈጥና ታደርገዋለች፤ አንተ ጨክነህ ረግጠህ መሪህን መያዝ ብቻ ነው። ፔዳሉ እግርህ ስር ሲንዘረዘር ደንግጠህ እንዳትለቅ፤ እየሠራ ነው። ለአባይ በረሃ ግን ኤቢኤስ አይረዳህም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ከላይ ጀምረህ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዛት። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ካሸተትክ ዘግይተሃል፤ ቆመህ አቀዝቅዝ፣ ውኃ ግን አታፍስበት።

የሚያስቅህን ልጨምርልህ። ክረምት ላይ የገጠር ቤታችን መግቢያ ያለውን ጭቃ ዳገት ዲኤክሷ እያንከረፈፈችም ቢሆን ትወጣዋለች፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የኋላ ጎማዋ ይቆነጥጣል። ዲዛየሯ የምትጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ አፍንጫዋ ይቀልና ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ያን ጊዜ አዙረህ በኋላ ማርሽ ውጣ። አያቶችህ ይስቁብሃል፣ አንተ ግን ቤት ትደርሳለህ።

የቤንዚኑ መብራት ሲበራ እስኪጨርስ አትንዳት፤ ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ላቫጆ ስትወስዳት ሞተሩ ላይ በፕሬሸር ውኃ እንዳይረጩ አጠገባቸው ቁም። ቴፕና አላርም የሚገጥምልህ ኤሌትራውቶ ሽቦ ቆርጦ በፕላስተር መጠምጠም ከጀመረ አስቁመው፤ ዲኤክስ ላይ ፊውዝ ይበጥሳል፣ ዲዛየር ላይ ኮምፒውተር ያሳብዳል።

አሁን ወደ ዲኤክሷ ልምጣ። አውቃለሁ፣ ልብህን የያዘው ብሩ አይደለም። የአባትህ እጅ የነካት መኪና ናት፤ መሪዋ ላይ የጠቆረችው ቦታ የእሱ መዳፍ ናት። ግን "ለማስታወሻ" ብለህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ እንዳታቆማት። የቆመች መኪና አታርፍም፤ ካርቡራተሯ ውስጥ ቤንዚኑ ሙጫ ይሆናል፣ ጎሚኒዎቿ ይደርቃሉ፣ የፍሬን ሲሊንደሯ ይዝጋል፣ አይጥ ሽቦዋን ይበላል። ለደላላም አትስጣት። አንዳንዱ መኪናን እንደ ባንክ ደብተር ነው የሚያያት፤ ዋጋዋ እየጨመረ ነው ብሎ ይገዛታል፣ ሳይነዳት ይሸጣታል፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ለእኔ ሽጥልኝ። ሳቅህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል! "ጋሼ፣ ለእኔ አሮጌ ነው ያልከኝን ለራስህ ልትወስድ?" ትለኛለህ። አዎ። እኔ የማጓጉዘው ሕፃን የለኝም፤ መንገዴ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋራዥ ነው፤ ከአርባ በላይ አልነዳም። ጠዋት ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ካርቡራተር ሳጥብ ብውል የሚቆጣኝ አለቃ የለም። የእሷን ቋንቋ የሚሰማ ጆሮ አለኝ፣ እስካለሁ ድረስ። በዘመድ ዋጋ አልልህም፤ የገበያውን ዋጋ አስጠይቅና ንገረኝ፣ ስሟንም ወዲያው አዛውረን ቦሎዋን በእኔ ስም እናወጣለን። ልጆቹ ሲመጡ ግቢ ውስጥ መሪዋን ይጫወቱባት።

ስለዚህ የቀረው ዲዛየሯን በደንብ ማየት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ አንተ ሊብሬዋ ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አስተያየው፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አጣራ፤ በባንክ ብድር የተገዛች ልትሆን ትችላለችና። በቆጣሪው ላይ በተጻፈው ኪሎ ሜትር አትመን። ለሥራ ስትሮጥ የዋለች መኪና ቆጣሪዋ ቢመለስም የፍሪሲዮን ፔዳሏ ላስቲክ አይመለስም፤ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መሪዋ ካብረቀረቀ፣ የሹፌሩ ወንበር ጫፍ ከተሰበረ ቀን ከሌሊት ሠርታለች ማለት ነው። ኮፈኑን የያዙት ብሎኖች ላይ ያለው ቀለም ከተሰነጠቀ ተፈትተው ነበር፤ ለምን እንደተፈቱ ጠይቅ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ስታዞረው ሞተሩ ሳይነሣ የኤርባጓ ቀይ መብራት መብራት አለባት፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም መጥፋት አለባት። በርታ ካልጠፋች ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራች ግን ይብሳል፦ ኤርባጉ በአደጋ ፈንድቶ ወጥቶ፣ መብራቷንም ሆን ብሎ ያጠፋት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግ፣ እንመለሳለን።

ሻጩን ዓርብ ማታ ደውለህ አንድ ነገር ብቻ ንገረው፦ እኛ እስክንደርስ እንዳያስነሣት። ሞተሯን ቀዝቃዛዋን ነው መስማት የምፈልገው። ከደረስን በኋላ እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ሞቃ ካገኘኋት ሰውየው የሚደብቀው ነገር አለ፤ አንተ አትናገር፣ እኔ እጠይቀዋለሁ።